ጎረቤት ያዋጣው ስኳር

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ተቅማጥ ያስቸገራትን ሕፃኗን ይዛ ሩዋንዳ ከሚባለው ሰፈር ሐኪም ቤት ስትመለስ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «አያቴ፣ ከዘመዶቻችን በተቅማጥ የሞተ ልጅ ነበር እንዴ? ሐኪሙ ጠይቂ ብሎኛል» አለችኝ። ወንድሞቿም ስልካቸውን አስቀምጠው «ንገሪን» አሉ። እኔ ወሬ ስጀምር መንገድ እስታለሁ፤ ቢሆንም ነገርኳቸው።

ያኔ ገርጂ፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ሁሉ፣ የጤፍ ማሳ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። እኔ ገና ሳላገባ ከታላቅ እህቴ ከእትዬ አስካለ ቤት እኖር ነበር። የመጀመሪያ ልጇ መኩሪያ ጡት ብቻ ሲጠባ ድንቡሽቡሽ ያለ ነበር። አጥሚት በስኳር ሲጀምር ሆዱ ተነፋ፤ ተቅማጡ አልቆም አለ።

መገናኛ ወርደን ክሊኒክ አስተኛነው። በላስቲክ የታሸገ ዱቄት በውሃ እየበጠበጡ ሲሰጡት ዓይኑ በራ፣ ሳቀም። ስንወጣ ነርሷ «ዱቄቱ አልቆብናል፤ ቤት ስኳርና ጨው በጥብጣችሁ ስጡት» አለችን። ቤት ሲገባ ባሰበት።

ስኳር ያን ጊዜ የሚገኘው በቀበሌ ራሽን ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሻዩን በጨው እየጠጣ ድርሻውን አመጣለት። እማማ ብርቄ የሚባሉ ጎረቤታችን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው እየመጡ «ይኼ ጎረምሳ የቀበሌውን ስኳር ብቻውን ፈጀው፤ ሊቀ መንበር አድርጉት!» ይሉ ነበር። እንስቃለን። እሱም ወዶት ማንኪያውን በዓይኑ ይከተላል። እህቴ ባጠጣችው ቁጥር ያስቀምጠዋል፤ ባስቀመጠው ቁጥር ታጠጣዋለች።

አንድ ቀን አማቷ፣ የባሏ እናት፣ «ክሊኒክ ሲተኛ ይድናል፣ ካንቺ ዘንድ ሲመጣ ይጠወልጋል። ምን ዓይነት ገላ ነው ያለሽ?» አሏት። እህቴ ከዚያ ቀን ጀምራ ጡቷን ከለከለችው፤ ከሷ የሚወጣ ሁሉ መርዝ መሰላት። ስኳሩን አማቷ ያጠጡት ጀመር። እሱ ያለቅሳል፣ እሷ ጓዳ ገብታ ወተቷን መሬት ላይ ታልባለች።

መስቀል ሳይደርስ ቀበርነው። እህቴ ከዚያ በኋላ አልወለደችም፤ የሰው ልጅም አታቅፍም ነበር። «ልጁን ያዢልኝ» ሲሏት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ትሸጉጣለች። እንደዚያው ሆና አረጀች፣ እንደዚያው ሞተች።

ነግሬ ስጨርስ የልጅ ልጄ ሐኪሙ ያላትን ነገረችኝ። አንጀት ውስጥ ስኳር የሚሰብር ኢንዛይም የሚሉት አለ። እሱን የሚያሠራው ጂን ከእናትም ከአባትም ተበላሽቶ ከመጣ ልጁ የሻይ ስኳር አይችልም። የክሊኒኩ ዱቄት ውስጥ ያለው ስኳር ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ መሰበር አያስፈልገውም።

ለማን ልንገረው? እትዬ የለች፣ አማቷ የሉ።

ሐኪሙ ስለ ሕፃኗ «ስኳር አታቅምሻት፤ ጡትሽን ግን እንዳትከለክያት፣ እሱ ይስማማታል» ብሏታል።