የእናቴ ግራ ጉንጭ

አሁን ቡታጅራ ካለ አንድ የውበት ሳሎን ተናድጄ ወጣሁ። የእናቴን ፊት በእስክሪብቶ አስምረውበታል!

ጥፋቱ የእኔም ነው። ለወንድሜ ሰርግ ታምርልኝ ብዬ የወሰድኳት እኔው ነኝ።

"ከአዲስ አበባ የመጣ የፊት ባለሙያ" የተባለው ሰውዬ ግንባሯን፣ አፍንጫዋንና አገጯን በማስመሪያ ለክቶ በእስክሪብቶ አሰመረባቸው። "ሦስቱ እኩል መሆን ነበረባቸው" አለ። (የራሱ ግንባር እስከ ማጅራቱ መድረሱን ማንም አልለካለትም።)

ከዚያ ግራ ጉንጯን በጣቱ ጎተት አድርጎ፣ "እማማ፣ ይሄኛው ጎን ከቀኙ በአሥር ዓመት ያረጀ ነው። ቆዳው ተበላሽቷል፤ በመርፌ እንሞላዋለን" አላት። ያውም ሰው ሁሉ እየሰማ!

ልጮህበት አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንሴኖ ገበያ መሬት ላይ ተቀምጣ በርበሬ የሸጠች ሴት ናት።

"አልተበላሸም" አለችው ረጋ ብላ። "ፀሐይዋ በግራዬ ነበር የምትመጣው። ይቺን ልጅ በቀኜ አስቀምጬ ጥላ እሆናት ነበር።"

መስታወቱ ውስጥ የራሴን ጉንጭ አየሁት። አንድም ማዲያት የለበትም።

እናንተስ፣ በእናታችሁ ፊት ላይ ያለው መስመር ከምን እንደመጣ ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ? እኔ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም ነበር።