አባት ያልተጻፈላት ሴት

«ለአንቺ ብነግርሽ አይከፋሽም፤ እናንተ ይህን ነገር ለምዳችሁታል» አሉኝ ሽማግሌው። የእግራቸውን ጥፍር እየቆረጥኩላቸው ነበር። ምኑን ነው የለመድነው ብዬ ቀና አልኩ። የቤተሰባቸው የመጀመሪያዋ እናት፣ ያ ሁሉ ዘር የሚመዘዝባት ሴት፣ ከወደብ ተገዝታ የመጣች ባሪያ ነበረች። ከሆላንድ በመርከብ ሄዶ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የወይን እርሻ ያቀናው የሩቅ ቅድመ አያታቸው መጀመሪያ ገዛት፣ ኋላ ነጻ አወጣት፣ ከዚያ አገባት። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው የሰርግ ፕሮግራም የሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር። ሲጨርሱ ሌላኛውን እግራቸውን ሰጡኝ።

ጄኔቭ ውስጥ ሐይቁን የሚያይ ትልቅ አፓርታማ አላቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው እያደርኩ አጥባለሁ፣ አበስላለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስታውሳለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን፣ አክስቴ ቤት ነኝ። ፈረንሳይኛዬ «ቦንዡር» ብሎ ያልቃል፤ ሽማግሌው ግን ልጅነታቸው ዙሪክ ስለነበር በጀርመንኛ እንግባባለን።

ሳሎናቸው ውስጥ አንዱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ ወረቀት አለ። የዘር ሐረጋቸው ነው። ማን ማንን እንደወለደ፣ የትኛውን መሬት ማን እንደወረሰ፣ ነጩን ቤት ማን እንደሠራው፣ የወንዙን ዳር ማን በቁማር እንደበላው ሁሉ ተጽፎበታል። እርሻው ዛሬ የጎልፍ ሜዳ ሆኗል። እሳቸው ግን አሁንም «መሬታችን» ነው የሚሉት፤ እዚያ ድርቅ ገባ ሲባል የሌለው ወይን ያሳስባቸዋል።

በዚያ ሁሉ ሰው መሐል የራሷ ስም ብቻ የተጻፈላት ያቺ የመጀመሪያዋ እናት ነበረች። የአባቷ ቦታ ባዶ ነው። ይህ ባዶ ቦታ ሽማግሌውን እንቅልፍ ነስቷቸዋል፤ ዘመድ አዝማድ ዙሪክ ላይ ሊሰበሰብ፣ ወረቀቱም እዚያ ሊሰቀል ነው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ደግሞ ሌላ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ከጨረስኩ ጀምሮ ሌርሽተለ፣ ማለትም እየሠሩ ሙያ የሚማሩበት ቦታ፣ እየፈለግሁ ነው። የሚመጣልኝ መልስ ሁልጊዜ ጨዋ ነው፤ መልካም ዕድል ይመኙልኛል። ቪንተርቱር ያለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ኃላፊ የሽማግሌው የልብ ወዳጅ ናቸው። ሽማግሌው ከስብሰባው በኋላ ሰኞ ዕለት ደውለው እንደሚነግሩልኝ ቃል ገብተውልኛል። እዚህ አገር ሁሉም ነገር በችሎታ ነው፣ በሰው የሚባል ነገር የለም የሚሉት ሰዎች ያንን ሰኞ ስጠብቅ ባዩኝ።

አክስቴ የባላባት ልጅ ናቸው። መሬቱን አዋጁ ወሰደው፣ እሳቸው ዲቤንዶርፍ ሱቅ ውስጥ ሽቶ ሲሸጡ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ሰባት ቤት የማይቆጥር ሰው ግን ዛሬም ሰው አይመስላቸውም። የእናቴ እህት ናቸው። አባቴ የጭሰኛ ልጅ ስለሆነ እኔን ሲቆጥሩኝ በእናቴ በኩል ብቻ ይወጣሉ፤ በአባቴ በኩል ሲሉ ሳል ይይዛቸዋል።

ወረቀቱ ላይ ስላለችው ሴትዮ አነሳሁላቸው። ስሟ ብቻ ነው የተጻፈው ከማለቴ፣ ስለ ወደቡ ሳልደርስ አቋረጡኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄማ ምን ይጠየቃል። ትልቅ ሰው ናታ። የማን ልጅ እንደሆነች አገር ስለሚያውቅ ነው አባቷ ያልተጻፈው። አባቱ የሚጻፍለት እኮ የማይታወቅ ሰው ነው።»

ሰኞ ጄኔቭ ስመለስ ይስቁ እንደሆን ብዬ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። አልሳቁም። ማንኪያቸውን አስቀምጠው ደግሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ ከዚያ አክስቴ ስብሰባው ላይ ተገኝተው ይህን የአፍሪካ ልማድ እንዲያስረዱ ጋበዟቸው። ካርታ ላይ የእኛ አገርና ያ እርሻ የጄኔቭንና የአዲስ አበባን ያህል ይራራቃሉ፤ ለሽማግሌው ግን አፍሪካ አንድ ቀበሌ ናት። ባለፈው የነገሩኝስ ብላቸው፣ ያ የቤተሰብ ወሬ ነው፣ ይህ ደግሞ የባለሙያ አስተያየት ነው አሉኝ።

ስብሰባው ዙሪክ፣ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ነበር። አክስቴ በጥልፍ ቀሚሳቸው ላይ ካባ ደርበው መጡ። ጀርመንኛ ጥርት አድርገው ይችላሉ፤ የባላባት ልጅ ግን በአስተርጓሚ ነው የሚናገረው ብለው እኔን አጠገባቸው አቆሙኝ። መጀመሪያ የራሳቸውን ሰባት ቤት ቆጠሩ። ተረጎምኩ። ረጃጅሞቹ ዘመዶች በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አኑረው ስለ ባለ አንድ ስሟ ሴት ተናገሩ። እሱንም ቃል በቃል ተረጎምኩ። ልዕልት የሚለውን ቃል አክስቴም እኔም አልተነፈስነውም፤ ከኋላ አንድ ሰው ነው ያለው። ጭብጨባ ሆነ። ሽማግሌው እስክሪብቶ አውጥተው ቃሉን ባዶው ቦታ ላይ ጻፉት። ሲመለሱ ክንዴን ነካ አድርገው «ሰኞ» አሉኝ።

ከሆላንድ የመጣች የወንድማቸው ልጅ፣ የእኔ እኩያ የምትሆን፣ እጇን አወጣች። «ልዕልት ከሆነች እዚያ እርሻ ላይ ምን ልትሠራ መጣች?»

ጥያቄውን አክስቴ ሰምተውታል፤ እንደ ወጉ ግን እስክተረጉምላቸው ጠበቁ። «በጋብቻ ነዋ። መሬት ከመሬት ሲጋባ ነው በያት» አሉ። ሽማግሌው እኔን እያዩ ፈገግ እንዳሉ ናቸው።

«ከወደብ ተገዝታ ነው የመጣችው» አልኩ በጀርመንኛ። «እሳቸው ናቸው የነገሩኝ።»

ማንም አልጮኸም። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እኔ ጎበዝ ሠራተኛ እንደሆንኩ፣ ጀርመንኛዬ ግን ገና እንደሆነ ለዘመዶቻቸው አስረዱ። ከዚያ በጣም በትሕትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰኞ ሥራ የሚበዛብኝ ይመስለኛል።»

አክስቴ በአማርኛ «ማን ጠየቀሽ?» አሉኝ።

«ልጅቷ ናታ፣ እትዬ።»

አክስቴ ወንበራቸውን ወደ ሽማግሌው አስጠጉ። አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም፤ በዚያ በሽቶ ቤት ጀርመንኛቸው፣ ቀስ ብለው፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ፣ «በአባቷ በኩል ነው» አሏቸው።

ጃኬቴን ከወንበሩ ላይ አነሣሁ። በጎን በር ወጣሁ፤ ትራሙ በሩን ከፍቶ ቆሞ ነበር፣ ገባሁ።