ለሁለት ነገር የጾምኩት ፍልሰታ

ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ስታይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የሰው ስልክ ማየት ነውር መሆኑን በዕድሜዬ ብዛት እየረሳሁት መጥቻለሁ። ጥፍሯን ጥቁር የተቀባች አንዲት ሴት ሻማ፣ ጨውና የደረቀ ቅጠል ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ታስረዳለች። ከሥር በአማርኛ «ጥንቆላ ለጀማሪዎች፤ ከምን ልጀምር?» የሚል ጽሑፍ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዝም ብሎ ነው እማ። ጨዋታ ነው።»

ልቆጣት አስቤ ተውኩት። ጀማሪ የሚለው ቃል ያዘኝ። እኔም አንድ ክረምት ጀማሪ ነበርኩና።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ደሴ ነው፤ አባቴ ኮምቦልቻ ዱቄት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። እዚያው ቤት ተከራይቶ ይሰነብትና ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ሲመጣ ፓፓያ ወይም ሎሚ ይዞ ነው። የኮምቦልቻ ሙቀት ፓፓያው ላይ ያለ ይመስለኝና ጉንጬን አስጠጋበት ነበር። ከግንቦት ወዲህ ግን መምጣቱን ተወ። ደመወዙን በሰው ይልካል እንጂ እሱ የለም። እናቴ አልጠየቀችም። ጎረቤቶች ግን አንዲት ሴት ክንዱን ይዛ ስትሄድ አይተነዋል አሉ። እናቴ ያንን ከሰማች በኋላ ጭራሽ ዝም አለች። እኛ ቤት ሲከፋን ዝም ነው የምንለው።

የእናቴ ወንድም የቆሎ ተማሪ ነበር። በእኛ በኩል ሲያልፍ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ወረቀት ትቶ ሄዷል። ዝናብ ባላባራበት አንድ ቀን ማዳበሪያውን ስበረብር ጠርዙ የተበላ ደብተር አገኘሁ። ግማሹ ግዕዝ ነው፤ አልገባኝም። ግማሹ አማርኛ ነው። የሄደ ሰው ስለሚመለስበት መንገድ እንዲህ ይላል፦

«ጀማሪ አስቀድሞ ሰባት ቀን ይጹም። ጎህ ሲቀድ በወራጅ ውኃ ይታጠብ። የሚጠራውን ሰው ስም ከነእናቱ ስም ጽፎ፣ ሰውየው በሚረግጠው ደፍ ሥር ይቅበር። ከቤቱ ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ ግን ከማንም ጋር አይነጋገር። ቢናገር የተጠራው ሰው ይርቃል፤ አይመለስም።»

ፍልሰታ ልትገባ ሁለት ቀን ቀርቷት ነበር። ጾሙ ተመቸኝ። ቤተ ሰቡ ሁሉ የሚጾም ስለሆነ ማንም አይጠረጥረኝም። ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነገሩ ተምታታብኝ። ጠዋት ቅዳሴ ቆሜ እመቤታችንን አባቴን መልሽልኝ እላለሁ። ከሰዓት በኋላ ጾሜን በጎመንና በድንች ስፈታ ደግሞ ከደብተሩ ሰባት ቀን አንዱን በልቤ እሰርዛለሁ። ጾሙ የማን እንደሆነ አላውቅም። ለእመቤታችን ከሆነ ደብተሩ ምን ይሠራል? ለደብተሩ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ምን አቆመኝ? በየማለዳው ቦርከና ወንዝ ወርጄ በዚያ ብርድ ስታጠብ እናቴ አየችኝ። ጠበል መስሏት «እመብርሃን ትባርክሽ» አለችኝ። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።

ምስጢሩን ያወቀችው ዘይነባ ብቻ ናት፤ ጎረቤቴና የክፍል ጓደኛዬ።

«ወላሂ እማዬ ብትሰማ ትገድለኛለች። ሐራም ነው» አለች።

«አትምጪያ።»

«ታዲያ ዝም ብለሽ ስትሄጂ ማን ይናገርልሻል? ረዳቱ ውረጂ ቢልሽስ?»

በስምንተኛው ቀን ወደ ኮምቦልቻ አብረን ወጣን። እናቴ ዘይነባ አክስቷን ልትጠይቅ ይዛኝ የምትሄድ መስሏታል። የአባቴን ስም የጻፍኩበትን ወረቀት በአሮጌ መሐረቡ ጠቅልዬ ጡቴ ሥር ይዣለሁ። ከግቢ ስወጣ አፌን ዘጋሁ።

የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጉም መንገዱን ሸፍኖት ነበር። በየመታጠፊያው ልጆች በለስ በጣሳ ይዘው ወደ መኪናው ይሮጣሉ። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«እንዴት አደርሽ ልጄ?»

ዝም አልኩ። ወሎ ውስጥ የሽማግሌ ሰላምታ ዝም ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። መኪናው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ዘይነባ ቶሎ ብላ «አባባ፣ አይቀየሟት፤ ምላሷ ተይዞ ነው። ለመድኃኒት እየወሰድኳት ነው» አለች።

«እኔን! እኔን ልጄን!» አሉ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ የዚችን ልጅ ምላስ ፍታላት። በተቸገረች ሰዓት ፍታላት።»

«አሚን!» አለ መኪናው። ከኋላ ማተብ ያሰረች ሴትም «አሜን» አለች። ረዳቱም በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አሚን» አለ። ዘይነባ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እኔ ግን ፈራሁ። የእኔ ነገር የሚሠራው ምላሴ ከታሰረ ነው፤ እነሱ እንዲፈታ ጸለዩ። የማን ይሰማ ይሆን?

ዘይነባ እየጠየቀች የአባቴን ኪራይ ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ አገኘነው። ደጁ ጭር ብሏል። ተንበርክኬ ደፉ ሥር ያለውን ጭቃ በማንኪያ ቆፈርኩ። ወረቀቱን አስቀምጬ አፈር ልመልስ ስል በሩ ተከፈተ። ጸጉራቸው የነጣ አሮጊት ቆመዋል።

«የማነሽ ልጅ? ምን ጠፋብሽ?»

«ቀለበት ጠፍቷት ነው» አለች ዘይነባ። «እሷ ድዳ ናት፤ አትናገርም።»

«በእኔ ደጃፍ ቀለበት? ግቡ በሉ፣ ዝናቡ ሳይደበድባችሁ። ቀለበቱ የትም አይሄድ።»

እጄን ይዘው አስገቡኝ። ዓይኔ ሌላ ሴት ፈለገ። የለችም። ከመጋረጃው ጀርባ ሳል ሰማሁ።

«እማማ ሐዋ፣ ማን ነው?»

ድምፁን ከሳሉ ውስጥ አወቅኩት። መጋረጃውን ገለጥኩ። አባቴ አልጋ ላይ ነው፤ አንገቱ ቀጥኗል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። ለካ ክንዱን ይዘው ሲሄዱ የታዩት ሴት እኚህ አከራዩ ናቸው። ብቻውን መራመድ አቅቶት ነበር።

«እናኑ?» አለ። እንደዚያ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው። «እናትሽ ነች የላከችሽ?»

ከንፈሬን ነከስኩ። ብናገር ይርቃል፤ አይመለስም።

«ተቆጥታለች ማለት ነው» አለ። «አንቺም ተቆጥተሻል። እውነት አላችሁ። ይሄ ሳል ይጋባል ስላሉኝ ነው የቀረሁት። እናንተን ከማስይዝ ብዬ ነው።» መልሴን ጠበቀ። መልስ ሲያጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ሂጂ በይ። አላየሁትም በያት።»

ወደ ደጅ ወጣሁ። ወረቀቱ ጉድጓዱ ውስጥ ዝናብ እየመታው ነው።

«አንቺ! አባትሽ'ኮ ነው! ተናገሪ እንጂ!» አለች ዘይነባ።

በጣቴ ወረቀቱን አሳየኋት።

«ወላሂ አብደሻል። የምትጠሪው ሰውዬ'ኮ እዚህ ውስጥ ነው!»

እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም። አልጋው ጫፍ ቆሜ «አባዬ፣ ቤት እንሂድ» አልኩ። ድምፄ ሻካራ ነበር።

አባቴ ዞሮ አየኝና እንደ ልጅ አለቀሰ። እማማ ሐዋ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ጮኹ። «ድዳ ናት አላልሽም?»

«ተፈታላት» አለች ዘይነባ፤ እሷም እያለቀሰች።

ማታውኑ ለእናቴ ነገርኳት። በማግስቱ አብረን ወረድን። እናቴና አባቴ ብዙ አልተነጋገሩም። እሷ ጫማውን አደረገችለት፤ በቃ። ስንወጣ እማማ ሐዋ ጠሩኝና ጭቃ የለበሰ መሐረብ መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን ከደኑልኝ። «እንኪ፣ ቀለበትሽ» አሉኝ። ለእናቴ አንድ ቃል አልተናገሩም።

አባቴ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኛ። ያ ጊዜ ከባድ ነበር። ደብተሩ ቢናገር ይርቃል ብሏል፤ እኔ ተናግሬያለሁ። ሳሉ በጠና ቁጥር የእኔ ምላስ ያመጣው ይመስለኝ ነበር። ሲሻለው ደግሞ ማንን ላመስግን? እመቤታችንን? የሽማግሌውን ዱዓ? ወይስ ያንን አስፈሪ ወረቀት? ጥር ላይ ድኖ ቤቱ ሲገባ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ።

«ጾሙን ለማን ነበር የጾምሽው?» አሉኝ።

«አላውቅም አባ።»

«እንግዲያው ስገጂ። የሚመጣውን ፍልሰታ ደግሞ እንደገና ጹሚው። ለአንድ።»

ሁሉ ሰው የሚጾመውን ጾም ቅጣት ብለው ሰጡኝ። ደብተሩን እሳት ውስጥ ጨመርኩት። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ፤ ሠርጌን አየ፣ ልጆቼን አቀፈ። ተመስገን።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። በሚኒባሱ ሳቀች፤ መሐረቡ ላይ ስደርስ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ታዲያ እማ፣ ወረቀቱ ሠራ ወይስ አልሠራም?»

«እኔ አባቴ ቤቱ መግባቱን ነው የማውቀው። አንቺስ ማንን ልትጠሪ ነው?»

ስልኩን ገለበጠችው። «ሳባን» አለች። ከሕፃንነቷ ጓደኛዋ ናት። «ከፋሲካ ወዲህ አንነጋገርም።»

«ቤቷ ሩቅ ነው?»

«ኧረ እዚሁ ቧንቧ ውኃ ሰፈር ነው። በባጃጅ አሥር ደቂቃ።»

ተነሣችና ጫማዋን አደረገች። ካፊያ ስለነበረ ጥላ ሰጠኋት። በመስኮት ሳያት አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ የምትመለስ መሰለኝ። ስማቸውን እንኳ ያልጠየቅኳቸው ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። እጄን ዘረጋሁና ያኔ የጸለዩልኝን ጸሎት አልኩ፦ ጌታዬ ሆይ፣ የዚችን ልጅ ምላስ ፍታላት፤ በተቸገረች ሰዓት ፍታላት።

አሜን የሚል ሰው አጠገቤ አልነበረም። ራሴ አልኩት።