የውሃ ፍቺ

የአምባ ጊዮርጊሷ እስከዳር ውሃ ማፋታትን ሥራዬ ብላ ከያዘች ሰነባብታለች። ኬሚስት ናት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ከማስተማር የተረፈውን ጊዜዋን በሙሉ ግን ለአንዲት የኒኬል ወንፊት ሰጥታለች። ወንፊቷ ፖታሽ የሚባል ኬሚካል በተቀላቀለበት የተጣራ ውሃ ውስጥ ገብታ ኤሌክትሪክ ሲነካት ውሃውን ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ብላ መለየት አለባት። ሃይድሮጂኑ ጭስ የሌለው ነዳጅ ነው። በውድ ማዕድን ይህን የሠሩ ሞልተዋል፤ የእስከዳር ሕልም በርካሹ ኒኬል መሥራት ነበር። ኒኬሉ ግን ዳተኛ ሆነባት።

እናቷ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ሊያዩዋት መጥተው ስለ ሥራዋ ቢጠይቋት፣ በሚገባቸው መንገድ ላስረዳ ብላ ጉድ ፈላባት። ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ተጋብተው ውሃ ሆነዋል፣ የእኔ ሥራ እነሱን ማፋታት ነው አለቻቸው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

«ምነው ልጄ? እግዜር ያጣመረውን?»

እስከዳር ሳቀች፤ እሳቸው አልሳቁም። የራሷን ትዳር ሳትይዝ የሰው፣ ይቅርታ፣ የውሃ ትዳር ማፍረሷ ሲከነክናቸው አደረ።

በዚያው ሳምንት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቁርጡን ነገሯት። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ውጤት ካላሳየች ጠረጴዛዋም መሣሪያዋም ለሌላ ተመራማሪ ይሰጣል። እሺ ብላ ወጣችና ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች።

የቤተ ሙከራው ማጣሪያ ወረፋ ስለሚበዛበት ውሃዋን የምታጣራው ማራኪ ሰፈር በተከራየችው ቤት ነበር። በማግስቱ ከቤት ባመጣችው ውሃ ሙከራዋን ብትጀምር ወንፊቷ አበደች። አረፋው በጥሩ እሳት ላይ እንደተጣደ ሽሮ ተንተከተከ። የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ባዬ መሣሪያው ተበላሽቶ ነው ብሎ ሽቦውን ሁሉ ቀየረ፤ አረፋው ጭራሽ ባሰበት። ያን ጊዜ ሁለቱም ጋዋናቸውን እንደለበሱ እስክስታ ወረዱ። ደግማ ለማየት አዲስ ወንፊትና አዲስ ውሃ ስታቀርብ ግን ኒኬሉ ወደ ጥንት ስንፍናው ተመለሰ። አንድ ጊዜ ታይቶ የማይደገም ነገር ደግሞ በሳይንስ ዘንድ ወሬ ነው።

ማታ ቤት ገብታ፣ ያ ውሃ ምን ነክቶት ይሆን እያለች ተብሰለሰለች።

«የነካሁትስ እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል። «ከአገራችን ጠበል ጠብ ጠብ አድርጌበታለሁ። ይታረቁ ብዬ ነው።»

እስከዳር ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ለዕርቅ የተጨመረው ጠበል ፍቺውን አፋጥኖት አረፈው! ሳቋ ሳያልቅ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። ያ ጠበል የሚፈልቀው ከቀይ አፈር ነው፤ ነጭ ልብስ ከነካ ዝገት ይተዋል። ብረት አለበት ማለት ነው። ብረት ኒኬልን እንደሚያነቃ ከመጻሕፍት ታውቃለች፤ ሞክራውም ነበር፤ ግን ጠብታ የሚበቃውን በማንኪያ ስትጨምርበት ኖራለች።

ጠበሉን መሞከሪያ ልታደርገው አልደፈረችም። የብረት ጨው በውሃ በጥብጣ በጠብታ፣ በጠብታ ጨመረች። ተንተከተከ። በማግስቱም ተንተከተከ፣ ከዚያም ወዲያ። ኃላፊው ራሳቸው መጥተው አጎንብሰው ሲያዩ መነጽራቸው በአረፋው ፍንጣቂ ተበላሸ፤ እየጠራረጉ ጠረጴዛው ያንቺ ነው አሏት። እስከዳር የዚያን ዕለት ከማራኪ እስከ አራዳ በእግሯ ወረደች፤ ለምን እንደወረደች እስካሁን አታውቅም፣ ደስ ብሏት ብቻ ነው።

የቀራት የእናቷ ቅሬታ ነበር። ቤተ ሙከራ አስገባቻቸውና ጥቂት ሃይድሮጂን በቀጭን ቱቦ አፍ ላይ ለኮሰች። ከነበልባሉ በላይ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ስትይዝ ብርጭቆው ላበው፤ ጠብታ አቀረረ።

«ይኸው እማዬ፣ ሲነድ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ታረቁ።»

ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ጠብታውን በጣታቸው ነኩት፤ ጣታቸውን አገላብጠው አዩት።

«ታዲያ ከመጀመሪያው አስታራቂ ነኝ አትይም ነበር?» አሉና እልልታቸውን አቀለጡት።

አምባ ጊዮርጊስ ተመልሰው የልጃቸውን ሥራ ለሚጠይቃቸው ሁሉ ሸጋ አስታራቂ ሆናለች ይላሉ። ከሚስቱ የተኳረፈ አንድ ጎረቤታቸው ታዲያ በቀደም ስልክ ቁጥሯን ከእሳቸው ተቀብሎ፣ አስታርቂኝ ብሎ ለእስከዳር ደወለላት።