ግማሿን ግጥም ይዤ

ከከሚሴ የወጣሁት መግሪብ ተሰግዶ ሲያበቃ ነው። የዞኑ የኪነት ቡድን ስዊድን ለፌስቲቫል ተጠርቶ፣ ሚኒባሱ ደጃችን ቆሞ ክላክሱን ያስጮኻል። አባቴ ከመስገጃው አልተነሳም። ጨፋ ላይ ማሽላና በሬ ያለው ሰው ልጅ፣ ሰርግ ለሰርግ እየዞረ ማሲንቆ መገዝገዙ ለእሱ ልመና ነው፤ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ሰምቶኝ አያውቅም። ስሰናበተው «ነጋቲ» አለኝ በኦሮምኛ፣ በሰላም ሂድ ማለቱ ነው። ፊቱን ግን አላዞረም።

ፌስቲቫሉ አለቀ፣ ጓደኞቼ ተመለሱ፣ እኔ ቀረሁ። ቀዬው ያን ሰሞን ሰላም አልነበረውም። ደግሞ ማን ይጠብቀኛል ብዬ ነው?

የስደተኞች ቢሮ ያለችው ሴትዮ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ማሲንቆ ተጫዋች ነኝ አልኩ። ስንት ክር አለው? አንድ። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ሌሎቹ መንገድ ላይ ተበጥሰው ነው?» አለች። የምሯን ነው። ብቻ በመጨረሻ የጉዞ ሰነድ ሰጡኝ፤ ከኢትዮጵያ በቀር ወደ ሁሉም አገር ያስኬዳል። የቀረው ዓለም ምን ይሠራልኛል?

ያከራየችኝ ባልቴት ደግሞ የማሲንቆውን ቆዳ አሽትታ፣ ቤቷ ውስጥ እንስሳ ማኖር ክልክል ነው አለችኝ። ፍየሉ ድሮ ነው የታረደው ብላት አላመነችም። ዳቦዋቸው ይጣፍጣል፣ ወጣቸው አልጫ ነው፣ ሰላምታቸው «ሄይ» ብቻ። እኛ ዘንድ «አካም» ብሎ የጀመረህ ሰው የከብቱን ጤና ሳይጠይቅ አይለቅህም።

ላርስን ያገኘሁት ከባንዱ ጋር የቋንቋ ትምህርት ቤታችን ሊጫወት ሲመጣ ነው። ሽማግሌ ነው፣ ያን በጉልበት መካከል የሚያዝ ትልቅ ቫዮሊን፣ ቼሎውን ይመታል። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ ናቸው፤ ከበሮ የለ፣ ጥሩምባ የለ፣ በክር ብቻ ጃዝ። ፀጉራቸው ሳይሸብት ምድር ቤት ውስጥ ጀምረው፣ ከተማ ለከተማ ዞረው፣ አንዱን ቀብረው በሌላ ተክተው፣ ይኸው አሁንም አሉ። በየዓመቱ አንድ እንግዳ ይጋብዛሉ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ያሰናብቱታል። ማሲንቆዬን ሰምተው የዚያን ዓመት እንግዳ እኔን አደረጉ። ዜማው የተጻፈበት ኖታ ሰጡኝ። እኔ የአማርኛውን ፊደል እንኳ ጎልማሳ ሆኜ በማታ ትምህርት የለቀምኩ፣ ገና ሳልጠግበው ሌላ ፊደል! መለስኩላቸውና በጆሮዬ ተከተልኳቸው።

ተመልካቾቻቸው ሲሰሙ ትንፋሽ የለም። አንድ ቀን በዚያ ጸጥታ መሀል ከፊት የተቀመጠ ሰውዬ ለሚስቱ፣ «አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው» አላት። እኛ አገር ከተቀመጠው ሰው አፍ የወጣውን ማሲንቆ ተጫዋች ተቀብሎ ያዜማል፤ ካልተቀበለ ሰጪውን አዋርዶታል። እጄ ሳያማክረኝ ተቀበለ። አውቶቡሱን በስዊድንኛ አዜምኩት። አዳራሹ ደረቀ። አለቀልኝ ስል የላርስ ቼሎ ከታች አውቶቡሱን አነሳው፣ ቫዮሊኖቹ ተከተሉ፣ ሰውዬው ራሱ ብድግ ብሎ ሌላ ቃል ወረወረልኝ።

ከመድረክ ስንወርድ ላርስ ያዘኝ። «ዕድሜ ልካችንን የሚያዳምጠን እንጂ የሚያናግረን አላገኘንም ነበር» አለኝ። «ከእንግዲህ እንግዳ አይደለህም።»

የዚያን ምሽት ቪዲዮ ላኩላት፤ እህቴ ዘሀራ ለአባቴ አሳየችው። በማግስቱ ስትደውልልኝ ስልኩን ነጠቃት። ብርዱን ጠየቀ፣ ሶላቴን ጠየቀ፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አውቶቡስም ግጥም ሆኖ! እስቲ ይችን ተቀበል፤ የጨፋ ማሽላ ወፍ ሰፍሮበታል።»

ቀሪውን ጠበቅሁ።

«አባ፣ ሁለተኛው ስንኝስ?»

«እሱ በስልክ አይሰጥም። ማሲንቆህን ይዘህ ና» አለና ስልኩን ለእህቴ መለሰላት። የጉዞ ሰነዴ ላይ የተጻፈውን አልነገርኩትም።

አሁን በየዝግጅቱ ማብቂያ ያቺን ግማሽ እንጫወታለን። «ሰፍሮበታል» ላይ ስንደርስ አምስታችንም ክሩን እንለቃለን፤ ሕዝቡ ያለቀ መስሎት ያጨበጭባል። ላርስ ሁለተኛው ስንኝ መቼ ነው የሚመጣው ይለኛል።

ኔትወርክ እምቢ አለ እለዋለሁ።