ባናው ላይ የፈሰሰው ውሃ

የዚያን ቀን በግቢው የነበርነው አምስት ነን። ሸማኔው የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የበግ ጠጉሩን የፈተሉት፣ እትዬ የምላቸው ባለቤታቸው፣ ስልኩን የያዘችው እህቴ፣ ገብሱን ወቅቶ የጨረሰው ጎረቤታችን፣ እኔ። ደጁ ላይ የታሰረ ሙክትም ነበር፤ እሱን አልቆጠርኩም።

ባና የምንለው ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም የብርድ ልብስ ነው። አጎቴ የሠሯቸው አራት ባናዎች ታጥፈው ቆጥ ላይ ከተቀመጡ ወራት አልፏል። መሐል ሜዳ ገበያ ስናወጣቸው ሰው በእጁ አሸት አሸት አድርጎ ይመልሳቸዋል። አጎቴ «እስከ ጥምቀት ካልሄዱ ጉድጓዱን ደፍኜ ደብረ ብርሃን ልጄ ጋ እገባለሁ» ብለው ነበር። ሸማኔ እግሩን አስገብቶ የሚሠራው በዚያ ጉድጓድ ነው። እሳቸው ደግሞ የቀልድ ሰው አይደሉም።

በስልክ መሸጡን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ያስተማረኝ የለም፤ እያየሁ የለመድኩት ነው። ቴሌግራም ላይ ፎቶ ለጥፌ፣ ዙሪያውን አበባ ደርድሬ «ምርጥ የመንዝ ባና» ብዬ ጻፍኩ። ጠያቂ አልመጣም። በዚያው ሰሞን ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ሱቅ የሚለጥፈው ባና ውሎ ሳያድር «ተሽጧል» ይባልበታል።

ቀናሁ። ከዚያ ደብተር ገዛሁና ሱቁ የለጠፈውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ መዘገብኩ፤ ፎቶው በየት በኩል እንደተነሳ፣ የመጀመሪያው ቃል ምን እንደሆነ፣ ከሥር ሰው ምን እንደጠየቀ። አበባ የለም። «ምርጥ» የሚል ቃልም አላገኘሁም። ርዝመቱ፣ ወርዱና ክብደቱ ግን አለ። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው ያየው አንድ አጭር ቪዲዮ ነው፤ ሰውዬው ባናው ላይ በጣሳ ውሃ ያፈሳል፣ ውሃው ተንከባሎ ይወርዳል። «ይኸው ነው» ብዬ ከሥሩ አሰመርኩበት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አንዱን ባና ካቡ ላይ አሰጣሁት። እህቴ ስልኩን ደገነች። ጎረቤታችን ጣሳውን አዘነበለ። ውሃው አልተንከባለለም። ገባ። ከባናው ሥር ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል።

«ጠምቶት ኖሯል» አለ ጎረቤታችን።

እህቴ ሳቀች። አጎቴን ስታይ አቆመች።

«የሱቁን ሰዎች ቪዲዮ አምጣው እስቲ» አሉኝ አጎቴ። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ። «ድገመው።» ደገምኩት። እንደገናም አስደገሙኝ።

«ምን ቀብተውት ነው?» አልኩ። ተንኮል እየፈለግሁ ነበር።

«ምንም አልቀቡት። ረግጠውታል።»

ባና ተሸምኖ ከወረደ በኋላ በፍል ውሃ እየራሰ በእግር ይረገጣል፤ ጠጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ቀዳዳው የሚደፈነው ያኔ ነው። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሰው ተጠራርቶ ነው የሚረገጠው።

«ጉልበቴ እምቢ ካለኝ ሁለት ዓመት ሆነ» አሉ አጎቴ። «ለብ ለብ አድርጌ ነው የማወጣው።»

«ታዲያ ምነው ሳይጠሩን ቀሩ?» አለ ጎረቤታችን።

«የምጠራቸው አፈር ገብተዋል።»

ባለቤታቸው መሬት መሬት እያዩ፣ «እኔ አውቅ ነበር» አሉ። «የእግራቸው ድምፅ ቶሎ ያቆም ነበር።»

ደብተሬን ያን ያህል ሞልቼ ስለ እግር አንድ መስመር አልጻፍኩም። የጎደለን ቃል መስሎኝ ነበር።

እትዬ ተነስተው ውሃ ጣዱ። ጎረቤታችን ጫማውን አውልቆ፣ ባናው በፍል ውሃ ርሶ የተዘረጋበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወጣ፤ እኔና እህቴ ተከተልነው። አጎቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ባናውን እየዳሰሱ፣ «ገና ነው» ይላሉ።

«ኧረ እግሬ ተቀቀለ!» አለ ጎረቤታችን።

«ገና ነው።»

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ረገጥን። ባናው በእኔ ስንዝር ሁለት አጠረ። በሦስተኛው ቀን ሲደርቅ ያው አምስታችን ቆመን ውሃ አፈሰስንበት። ወረደ። በአንድ ጥግ በኩል ብቻ ትንሽ ገባ።

«ጥጉን ከቪዲዮው ቆርጬ አወጣዋለሁ» አልኩ።

«በግ ስትሸጥ ነውሯን አትናገርም?» አሉኝ አጎቴ።

«እናገራለሁ።»

«እንግዲያስ ጥጉንም አሳይ።»

አዲሱን ርዝመት፣ ወርዱንና ጥጉን ጨምሬ ለጠፍኩ። ከዓለም ከተማ አንዲት ሴት «የሚያስገባው ጥጉ ብቻ ነው?» ብላ ጠየቀች። «አዎ፤ የቀኙ ጥግ፣ መዳፍ የሚያህል» ብዬ መለስኩ። ወሰደችው። የቀሩትንም በየተራ ረገጥናቸው። ጥምቀት ሲደርስ ሁለቱ ሄደው ሁለቱ ቆጥ ላይ ነበሩ። አጎቴ ስለ ጉድጓዱ አላነሱም። በማግስቱ ግን ወደ ጎረቤታችን ላኩኝ፤ «ሌላ ልጀምር ነው፤ ሲያልቅ እግርህን ይዘህ ና በለው» ብለው።

ድንጋዩ ላይ መጀመሪያ የወጣው ጎረቤታችን ነው ብዬ ጽፌያለሁ፤ እህቴ «እኔ ነኝ» ትላለች። ስንት ጣሳ እንዳፈሰስንም አልመዘገብኩም። እዚያ የነበራችሁ አራታችሁ የጎደለውን ጨምሩልኝ። በተለይ እርስዎ፣ እትዬ፤ ያ የእግር ድምፅ ማጠር የጀመረው መቼ እንደሆነ ይንገሩኝ።