አልረግምም ያሉት ጠንቋይ

ከተማሪነቴ ጀምሮ የምወደው ባለ ዘንዶና ባለ ጠንቋይ ልብ ወለድ አለ። ፊልም ሳላደርገው አልሞትም እያልኩ ስፎክር ኖሬ፣ ጊዜ የተረፈኝ በጦርነቱ ሆኖ አረፈው። ወልድያ የማስተምርበት ግቢ ተዘግቶ፣ መርሳ አንድ አዛውንት ገበሬ ቤት ተከራይቼ ነበር። ስልኬ ኔትወርክ ባይኖረውም ካሜራው ይሠራል። ባትሪውን ባለ ሱቁ በሶላር ይሞላልኛል።

ጀግናው አብሮኝ የመጣ የፊዚክስ መምህር ሆነ። ዘንዶውን ከሸራ ሰፍተን ስንጨርስ ሸራው ለማሽላ መውቂያ ተፈለገና ታሪኩ ያለ ዘንዶ ቀረ። ጠንቋዩ ግን እንከን አልነበረውም፤ ጺማቸው ደረታቸው የደረሰ፣ ሲቆጡ ሰፈሩ ጸጥ የሚልላቸው አከራዬ ናቸው። ሾፌር ልጃቸው ጭነት ይዞ እንደወጣ መንገድ ተዘግቶበት ወሬው ከጠፋ ሰንብቷል። ጨዋታው ትንሽ ያስረሳቸዋል ብዬም አስቤ ነበር።

የታሪኩ እምብርት እርግማኑ ነው። ጠንቋዩ ጀግናውን «አገርህን አትይ፤ መንገድ ይብላህ!» ይለዋል። በቀረጻው ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ዱላ ይዞ የጠንቋዩ ሠራዊት ሆነ። አዛውንቱ ከዘራቸውን አነሱ፤ አይናቸውን አፈጠጡ።

«ሂድ ልጄ፣ አላህ በሰላም ያግባህ!»

ሠራዊቱ ዱላውን ጥሎ እጁን ዘረጋ። «አሚን!»

ጀግናውም ደንግጦ አብሮ አሜን አለ።

«አባባ፣ ይርገሙት እንጂ ለምን ይመርቁታል!»

«በዚህ ክፉ ቀን ከአፌ እርግማን አይወጣም።»

«ጨዋታ እኮ ነው!»

«መላኢካው ጨዋታ መሆኑን በምን ያውቃል? አሚን ቢልስ?»

ደሜ ፈላ። መጽሐፉን የሚወድ ሁሉ ሲስቅብኝ ታየኝ። «ካልተረገመ ለምን ይዋጋል? ቤቱ ገብቶ ይተኛል እንጂ!»

«ታዲያ ይግባ! ቤቱ ገብቶ መተኛት ማን ጠላ?»

«እንደገና!» ብዬ ጮህኩ።

አዛውንቱ ከዘራቸውን አነሱ። አሁን ግን የሚያዩት ጀግናውን አልነበረም፤ ከኋላው ያለውን ጭር ያለ አስፋልት ነበር። «ልጄ፣ ያለህበት አላህ ይጠብቅህ። መንገዱ ይከፈትልህ። እናትህ በር በሩን እያየች ነው፤ ድረስላት።» ሠራዊቱ እንደገና እጁን ዘረጋ።

ቀረጻው ዛሬም አለኝ። ከሠራዊቱ አሚን ሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የኔ ነው።